500 ነጥብ፣ 32 በመቶ፦ የዛፍ ሽፋንን ከአየር ምስል በነጥብ ስለመገመት የተደረገ ክርክር

የመክፈቻ ጽሑፍ

ይህ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የተካሄደ ክር (አንድ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች) ማጠቃለያ ነው። ጠያቂው ጉዳዩን በቁጥር አስቀምጦ ነው የጀመረው። አንድ ደጋማ ወረዳ አለ፤ ስፋቱ 60,000 ሄክታር። በሦስት ምድብ ተከፍሏል፦ የቤተ ክርስቲያን ደንና ቅሪት የተፈጥሮ ደን 1,200 ሄክታር፣ መንደርና የባሕር ዛፍ ተክል ያለበት መሬት 10,800 ሄክታር፣ እርሻና ግጦሽ 48,000 ሄክታር። ኪው ጂ አይ ኤስ በሚባለው የካርታ ሥራ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምድብ 100፣ በሁለተኛው 150፣ በሦስተኛው 250 ነጥብ በዘፈቀደ ተጥሏል። እያንዳንዱ ነጥብ በጉግል ኧርዝ ላይ ተከፍቶ ያረፈው ዛፍ ላይ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ተመዝግቧል። ዛፍ ላይ ያረፉት እንደየምድቡ ቅደም ተከተል 90፣ 60 እና 10 ናቸው። ድምሩ 160 ነው፤ ለ500 ሲካፈል 32 በመቶ። ወረዳውን በእግራቸው የሚያውቁ ሰዎች ግን ይህ በጣም በዛ አሉ። ስለዚህ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ነጥቡ አንሶ ይሆን? ወደ 2,000 ቢያሳድገው ይስተካከላል?

መልስ 1

መጀመሪያ የገባው በአክብሮት ነው። ጠያቂውን በአንቱታ እያናገረ ስለ ግልጽ አቀራረቡ አመሰገነና ቀመሩን አስቀመጠ። የዛፍ ነጥቦች ድርሻ ዛፍ ባልሆኑት ድርሻ ይባዛል፣ ለነጥቦቹ ብዛት ይካፈላል፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል፤ መደበኛ ስህተት የሚባለው ይህ ነው። በ1.96 ሲባዛ የ95 በመቶ መተማመኛ ህዳጉ (ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት የሚችልበት መጠን) ይገኛል። በዚህ ስሌት የ500ው ነጥብ ውጤት 32 በመቶ ± 4.1 ይሆናል፤ በ2,000 ነጥብ ህዳጉ ወደ 2 ይወርዳል። ህዳጉን በግማሽ ለማሳነስ ነጥቡ አራት እጥፍ መሆን አለበትና ጊዜ ካለ 2,000 ይጣል ብሎ መከረ። ቀመሩ ልክ ነው፤ ችግሩ ግን እዚያ አልነበረም።

መልስ 2

የተበላሸውን ቦታ ያገኘው ይህኛው ነው፤ ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ቢያነብ ይበቃዋል። ነጥቦቹ እኩል መሬት አይወክሉም አለ። በደኑ ምድብ አንድ ነጥብ የምትወክለው 12 ሄክታር ነው፤ በመንደርና ባሕር ዛፉ 72 ሄክታር፤ በእርሻው 192 ሄክታር። ደኑ ከወረዳው 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ከነጥቦቹ 20 በመቶ ደርሶታል። 160ን ለ500 ማካፈል ማለት ወረዳው አንድ አምስተኛው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው ብሎ እንደ መቁጠር ነው።

ትክክለኛው አካሄድ የየምድቡን ድርሻ ለብቻ አስልቶ በስፋቱ መመዘን ነው። በደኑ 90 በመቶ ከ1,200 ሄክታር 1,080 ይሆናል። በመንደሩ 40 በመቶ ከ10,800 ሄክታር 4,320 ነው። በእርሻው 4 በመቶ ከ48,000 ሄክታር 1,920። ድምሩ 7,320 ሄክታር፣ ከወረዳው 12.2 በመቶ። ነጥቦቹ በዚያው ምጣኔ 2,000 ቢሆኑና በዚያው መንገድ ቢካፈሉ ደግሞ ያው 32 በመቶ ይመጣል፤ ልዩነቱ ህዳጉ መጥበቡ ብቻ ነው። ጠባብ ህዳግ ያለው የተሳሳተ ቁጥር ከሰፊው ይልቅ አሳሳች ነው፤ አንባቢ ያምነዋልና።

መልስ 3

ጠያቂው አመስግኖ ተመለሰ። 12.2ው ወረዳውን ከሚያውቁት ሰዎች ግምት ጋር እንደሚቀራረብ ገልጾ የዚህኛው ህዳግ እንዴት እንደሚሰላ፣ ነጥብ ቢጨመርስ የት ምድብ ላይ እንደሚሻል ጠየቀ።

መልስ 4

ረጅም የስሌት መልስ ነው። ለየምድቡ ድርሻውን ዛፍ ባልሆነው ድርሻ አባዝቶ ለምድቡ ነጥቦች ማካፈል፤ ከዚያ በምድቡ የስፋት ክብደት ካሬ ማባዛት፤ ሦስቱን ደምሮ ስኩዌር ሩት መውሰድ። ክብደቶቹ 0.02፣ 0.18 እና 0.80 ናቸው። ውጤቱ 0.0123 ገደማ ነው፤ ስለዚህ 12.2 በመቶ ± 2.4፣ በመሬት ሲነገር 7,320 ሄክታር ± 1,440 ገደማ።

ከዚህ ውስጥ የእርሻው ምድብ ብቻውን የስህተቱን (የቫሪያንሱን) ሁለት ሦስተኛ ያህል ይይዛል። የደኑ ድርሻ ከምንም አይቆጠርም። 250 ነጥብ ቢጨመር፣ ሁሉም እርሻው ላይ ከሄደ ህዳጉ ወደ 2.0 ይወርዳል፤ ባሕር ዛፉ ላይ ከሄደ ወደ 2.1፤ ደኑ ላይ ከሄደ 2.4 ላይ ይቆማል። ከመጀመሪያው 500ውን ነጥብ በየምድቡ ስፋትና ተለዋዋጭነት ልክ ማከፋፈል ቢቻል ኖሮ 12፣ 176 እና 312 ይደርሳቸው ነበር፤ ህዳጉም 2.2 ይሆን ነበር። መላሹ አንድ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ጨመረ፦ ይህ ስሌት የሚሠራው የሚፈለገው የወረዳው ድምር ብቻ ሲሆን ነው። የቤተ ክርስቲያን ደኑ ራሱን የቻለ ቁጥር እንዲኖረው ከተፈለገ 12 ነጥብ ምንም አይነግርም፤ በ100ው ነጥብ ግን 90 በመቶ ± 5.9 ማለት ይቻላል። ስለዚህ 100ው ነጥብ ባክኗል አይባልም።

መልስ 5

እዚህ ላይ ቃና መጠንከር ጀመረ። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ወረዳውን በመከፋፈል ነው አለ መላሹ። ነጥቡን በወረዳው ሁሉ በዘፈቀደ ዘርቶ መቁጠር ይበቃል፤ አይ ትሪ ካኖፒ የተባለውን የነጥብ መቁጠሪያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ የከተማ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ወሰኑን ማስገባት፣ ምድብ መሰየም፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማየት፣ ድርሻውንና መደበኛ ስህተቱን ፕሮግራሙ ራሱ ያወጣዋል። ክብደት የሚረሳበት ዕድል የለም።

መልስ 6

ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን ጣለ። ለጀማሪ ያልተከፋፈለ ናሙና ከስህተት ይጠብቃል፣ ይህ እውነት ነው። ግን 500 ነጥብ በወረዳው ሁሉ ቢዘራ በደኑ ላይ የሚወድቀው 10 ገደማ ነው። ለድምሩም ቢሆን ህዳጉ 2.9 ይሆናል፤ ምድቦቹ ያስገኙትን 2.4 ለማግኘት 700 ያህል ነጥብ ያስፈልጋል። ደግሞ በእኩል ርቀት በመደዳ የተዘረጋ ነጥብ የሚመርጥ ካለ መነሻውን በዘፈቀደ ይወስን፤ የነጥቦቹ ርቀትና አቅጣጫ ከመንገድ ዳር የባሕር ዛፍ ረድፍ ወይም ከከተማ ብሎክ ጋር ከገጠመ ሁሉም ዛፍ ላይ ወይም ሁሉም አስፋልት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስፋቱም በዲግሪ ሳይሆን በሜትር ይለካ፦ በሜትር በሚለካው የዩቲኤም የካርታ ሥርዓት ለአማራ ክልል አብዛኛው ክፍል የሚሆነው ዞን 37 ሰሜን ነው።

መልስ 7

ወደ ምስሉ የገባው ይህ ነው፤ በእኔ ግምት ከቀመሩ ሁሉ በላይ ሊነበብ የሚገባው ክፍል እዚህ ይጀምራል። ሳተላይት ሁልጊዜ በአናት ትክክል አያይም። በ25 ዲግሪ ጋደል ብሎ የተነሳ ምስል ላይ የ20 ሜትር ባሕር ዛፍ አናት ከግንዱ 9 ሜትር ያህል ተገፍቶ ይታያል። በጠባብ የባሕር ዛፍ ረድፍ ላይ 9 ሜትር ብዙ ነው፤ መንገዱ ወይም ማሳው በዛፉ ጎን ይሸፈንና ነጥቡ ዛፍ ይባላል። ከጣራው ጋር ግድግዳም የሚታይ ከሆነ ምስሉ ጋድሏል ማለት ነው። ሌላ ቀን የተነሳ፣ ቀጥ ያለ ምስል መፈለግ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥላ ነው። አብዛኞቹ ጥርት ያለ ምስል የሚያነሱ ሳተላይቶች የሚያልፉት ረፋድ 4፡30 ገደማ ስለሆነ፣ በበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትሆናለች፣ ጥላው ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወድቃል። ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ላይ ካለች ጥላው የዛፉን ቁመት ያህላል። ጥቁር አረንጓዴ ጥላ በለመለመ ሣር ላይ ሲያርፍ ዛፍ ይመስላል። መለያው አቅጣጫው ነው፦ ነጥቡ ከዛፉ በሰሜን ምዕራብ በኩል ከሆነና አካባቢው ሸካራ ካልሆነ ጥላ ነው።

ሦስተኛው የቆጣሪው እጅ ነው። ነጥቡ የምትጠይቀው የመስቀለኛው መሐል ያረፈበትን ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ወዲያ ዛፍ ስላለ ዛፍ ማለት ሽፋኑን ያሳብጠዋል። አጉሊው በአንድ ልኬት፣ ለምሳሌ በ1 ለ1,000 ተቆልፎ ለሁሉም ነጥብ ያው ይሁን፤ ለአጠራጣሪው ብቻ ጠጋ ማለት አጠራጣሪው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን እንዲያጋድል ያደርጋል።

መልስ 8

በ7 ቁጥር ላይ ወቅትን ጨመረ። በመተማና በቋራ ቆላ የእጣን ዛፍ በጋውን ሙሉ ቅጠሉን አራግፎ ነው የሚቆመው። ደመና የሌለበት ምስል ደግሞ የሚገኘው በዚያው በበጋ ነው። ነጥቡ በእጣን ዛፍ ቅርንጫፍ መሐል አርፎ አፈር ያሳያል፤ ቆጣሪውም ዛፍ የለም ይላል። በደጋውም ኮርች ቅጠሉን ሲያራግፍ እንዲሁ ነው። ስለዚህ የቆላ ወረዳ ቆጠራ መስከረምና ጥቅምት ላይ በተነሳ ምስል ቢታገዝ ይሻላል፤ ካልተገኘ ቅጠል ለሌለው ዛፍ የተለየ ኮድ ይሰጠው።

መልስ 9

አጭርና ቁጡ። 12 ይሁን 32፣ ይህ የዛፍ ሽፋን እንጂ የደን ሽፋን አይደለም፣ ሁለቱን ሳትለዩ ለምን ትከራከራላችሁ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የአገሪቱ ትርጉም ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ሆኖ፣ ቁመቱ 2 ሜትር፣ የአናት ሽፋኑ 20 በመቶ የደረሰ ወይም ሊደርስ የሚችል ዛፍና ቀርከሃ ያለበት መሬት ነው። አንድ ነጥብ ስለ ግማሽ ሄክታር ምንም አታውቅም። በማሳ ድንበር ላይ የቆመ ዋንዛ ዛፍ ነው፤ ደን ግን አይደለም። ከዚያ በተቃራኒ በደን መሐል ክፍት ቦታ ላይ ያረፈች ነጥብ ደን ውስጥ ናት።

ቁጣው ባይወደድም ነገሩ ልክ ነው።

መልስ 10

ለ9 መፍትሔ አመጣ። ደን ከተፈለገ ነጥቡን ወደ ቦታ መቀየር ነው፦ ኮሌክት ኧርዝ በተባለው የምስል መመርመሪያ ፕሮግራም ላይ የተለመደው 70 በ70 ሜትር አራት ማዕዘን፣ ውስጡ 7 በ7 ሆነው የተደረደሩ 49 ነጥቦች። ስፋቱ ግማሽ ሄክታር ይጠጋል፤ እያንዳንዷ ነጥብ ደግሞ 2 በመቶ ያህል ናት፤ 10 ነጥብ ዛፍ ላይ ካረፈ 20 በመቶው ተሟልቷል። ነገር ግን 49ኙን እንደ 49 ነጻ ናሙና መቁጠር አይገባም፤ ጎረቤት ናቸው፣ ይመሳሰላሉ። ለህዳግ ስሌት አንዱ አራት ማዕዘን አንድ ናሙና ነው። 2 ሜትር ቁመት ከላይ አይታይምና ጥላውን ለክቶ መገመት ወይም መሬት ወርዶ ማየት ይጠይቃል።

መልስ 11

ክሩ ከመንገዱ ወጣ። ይህ ሁሉ ልኬት ለምን፣ የኢትዮጵያ ደን በአንድ ዘመን 40 በመቶ ነበር፣ ወደ 3 በመቶ ወረደ፣ ይህን ማን ይክዳል አለ።

መልስ 12

አንቱታው የቀረው እዚህ ነው። 11 ቁጥር መላሹን አንተ ብሎ ተናገረው። ያ 40 በመቶ ከየት ልኬት እንደመጣ አሳይ፤ በ1900 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ከአየር ያነሳ የለም፣ ታሪክ አጥኚዎችም መነሻውን ፈልገው የተለካ ነገር አላገኙበትም አለ። 3 በመቶውም ቢሆን የሚመለከተው ረጃጅም ዛፍ ያለውን ጥቅጥቅ ደን ነው። አገሪቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው የደን መነሻ ሰነድ ድርሻው 15.5 በመቶ ሆኖ ሲገኝ ደኑ በቅሎ አይደለም፤ ትርጉሙ የቆላ ዛፎችን እንዲያቅፍ ቁመቱ ከ5 ወደ 2 ሜትር ወርዶ ነው። ሁለት የተለያየ ትርጉም ያላቸውን ቁጥሮች አስቀጥሎ ደኑ አደገ ወይም ጠፋ ማለት ሰውን ማታለል ነው ብሎ ዘጋ። የደን መጥፋት ያሳሰበው ሰው ሁሉ ይህን መልስ ደጋግሞ ቢያነበው መልካም ነው፤ ጉዳቱ እውነት ስለሆነ ነው ቁጥሩም እውነት መሆን ያለበት።

መልስ 13 እና 14

ሁለቱ ባሕር ዛፍ ውሃ ይጨርሳል፣ አይጨርስም በሚል ተያያዙ። ከምንጭ ዳር ይነቀል የሚለውና ማገዶውን ማን ይተካዋል የሚለው ተፋጠጡ። ነጥብ የሚባል ነገር አልተነሳም።

መልስ 15

ባሕር ዛፉን ይዞ ወደ ጉዳዩ መለሳቸው። ባሕር ዛፍ በየጥቂት ዓመቱ ተቆርጦ ከጉቶው ይበቅላል። በአዊ በፋግታ ለኮማ የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነትም በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ለከሰል ይቆረጣል፤ መሬቱ ይታረስና እንደገና ከጤፍ ጋር ይተከላል። ምስሉ የተነሳው በተቆረጠ ማግስት ከሆነ ነጥቡ ባዶ መሬት ላይ ነው። የዛፍ ሽፋን ከተባለ ዛፍ የለም ብሎ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ የመሬት አጠቃቀም ከተባለ ግን የዛፍ ተክል ነው። ሁለት ዓምድ ይከፈትና ሁለቱም ይመዝገብ፤ በኋላ ለመለየት መሞከር ነጥቡን ሁሉ እንደገና ማየት ነው።

መልስ 16

ስለማይታወቁ ነጥቦች። በደመና፣ በጥልቅ ጥላ ወይም በብዥታ የማይለይ ነጥብ አይጣል፤ የማይለየው ብዙውን ጊዜ ዛፍ አጠገብ ያለው ነው፣ ሲጣል ውጤቱ ያጋድላል። ከ500 ነጥብ 100 ዛፍ፣ 25 የማይለይ ቢሆን፣ እውነቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ መካከል ነው ተብሎ ይጻፍ። 25ቱን ጥሎ 21.1 ማለት ያልታወቀውን መደበቅ ነው።

መልስ 17

የመጀመሪያውን ቆጣሪ መልስ ሳያይ የሚቆጥር ሁለተኛ ቆጣሪ የግድ ነው አለ። ከነጥቦቹ ከ10 በመቶ ያላነሰ በሌላ ሰው ይታይ። ስምምነቱ 92 በመቶ ሆነ ብሎ መደሰት ግን ያዘናጋል፦ ሽፋኑ 20 በመቶ በሆነበት ቦታ ዐይኑን ጨፍኖ ሁሉንም ዛፍ የለም የሚል ሰውም 80 በመቶ ይገጥምለታል። በአጋጣሚ የሚገኘው ስምምነት ሲቀነስ 92ቱ በካፓ 0.75 ነው፤ ጥሩ ነው፣ ፍጹም ግን አይደለም።

መልስ 18

ጠያቂው ውጤቱን ከ2013ቱ ጋር ሊያወዳድር እንደሚፈልግ ጽፎ ነበር። የትኛው 2013 ተባለ ወዲያው። በጉግል ኧርዝ ላይ ያለው የፈረንጆች ነው፤ የወረዳው ሪፖርት 2013 ዓ.ም. ከሆነ በመካከሉ ከ7 እስከ 8 ዓመት አለ፤ ባሕር ዛፍ በዚያ ጊዜ ተተክሎ፣ ተቆርጦ፣ እንደገና ይበቅላል። ደግሞ ወረዳው የሚታየው በአንድ ቀን ምስል አይደለም፤ የተለያየ ቀን ቁርጥራጭ ተጣብቆ ነው። የእያንዳንዱ ነጥብ ቀን ለብቻው ይጻፍ።

መልስ 19

ለውጥ የሚለካ ሰው በሁለቱም ዘመን ያንኑ ነጥብ ይጠቀም ብሎ በምሳሌ አሳየ። ባልተከፋፈለ ናሙና ከ500 ነጥብ 30 ዛፍ ነበሩ፣ አሁን የሉም፤ 15 ባዶ ነበሩ፣ አሁን ዛፍ ናቸው። የተጣራው 3 በመቶ ቅነሳ ነው። ያንኑ ነጥብ በማየቱ ህዳጉ 2.6 ይሆናል፤ ስለዚህ ቅነሳው ይታመናል። በየዘመኑ አዲስ 500 ነጥብ ቢጥል ግን፣ ሽፋኑ 20 በመቶ አካባቢ ከሆነ፣ ህዳጉ ወደ 4.8 ይሰፋና ያው 3 በመቶ ከምንም አይለይም። አንድ አደጋ አለ፦ የተለያየ ቀን ምስሎች በጥቂት ሜትር ይንሸራተታሉ። የቤተ ክርስቲያን ጣራ ወይም የመንገድ መገናኛ በሁለቱም ላይ አይቶ ልዩነቱን መለካት፣ ነጥቡንም በዚያው ልክ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ካልሆነ ዳር ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ለውጥ ይመስላል።

መልስ 20

ወደ ኋላ ለመሄድ ለሚፈልጉ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያነሷቸው የአየር ፎቶዎች መኖራቸውን አስታወሰ። ከአንድ ቦታ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሦስቱ ጋደል ያሉ ሆነው ነው የተነሱት። ነጥብ የሚቆጠረው በቀጥተኛው ላይ ብቻ ነው። በጋደሉት ላይ የፊት ዛፎች ከኋላቸው ያለውን ክፍት ሜዳ ይሸፍኑታልና ሽፋኑ ይበዛል።

መልስ 21

መጨረሻ ላይ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። በ2 ቁጥር ላይ የተባለውን የ192 ሄክታር ነገር ይዞ የእርሻውን 250 ነጥብ በሙሉ በሌላ ቀን ምስል እንደገና አስመርምሯል። ዛፍ ከተባሉት 10 ውስጥ 3ቱ ጥላ ሆነው ተገኙ፤ ሁለት የማሳ ዳር ግራር ደግሞ ባዶ ተብለው አልፈው ነበር። እርሻው ላይ የዛፉ ነጥብ 9 ሆነ። አዲሱ ድምር 7,128 ሄክታር፣ 11.9 በመቶ ± 2.3። ከአምስቱ የተሳሳቱ ነጥቦች እያንዳንዱ ድምሩን በ192 ሄክታር ያንቀሳቅስ እንደነበረ ጽፎ፣ ቀጥሎ የመንደሩን 150 እንደሚያይ አስታወቀ። ለ1 እና ለ5 ቁጥር መላሾችም ምስጋናውን አልነፈገም።

መልስ 22

የመንደሩን ሲያይ እንሰትና ሙዝን ዛፍ ብሎ እንዳይቆጥር፣ ጌሾና ጫትም ከ2 ሜትር በታች ከሆኑ እንዲለያቸው አንድ መስመር ብቻ ጽፎ ወጣ።